ከሺህ ዓመት በላይ የዘለቀ ገበታ፦ የቻይና ሁዊ ሙስሊሞችና ሐላል ማዕዳቸው



ለንግድ ወደ ቻይናዋ ጓንዡ የሚመላለሱ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን «እዚያ አገር ምን ትበላላችሁ?» ብለን ስንጠይቃቸው ከምንሰማቸው መልሶች አንዱ «የሙስሊሞቹ ኑድል ቤት አለልን» የሚል ነው። የዐሳማ ሥጋ ወይም ስብ ያልነካው ምግብ ማግኘት በሚከብድበት ከተማ፣ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ቤት አለች። ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰው ቆሞ ሊጥ ይጎትታል፤ ራሷን የሸፈነች እናት ሒሳብ ትቀበላለች። ነጋዴውም እፎይ ብሎ ይቀመጣል።

እነዚህ ሰዎች ግን እነማን ናቸው? መልካቸው የቻይና ነው። የሚናገሩት ቻይንኛ ነው። የቤተሰብ ስማቸው ማ፣ ሊዩ፣ ዲንግ ይባላል። ዐረብኛ ለአብዛኞቹ የሰላትና የቁርኣን ቋንቋ እንጂ የአፍ መፍቻ አይደለም። ታዲያ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ከሺህ ዓመት በላይ ሙስሊም ሆነው እንዴት ዘለቁ?

ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ ሊሰጥ ይችላል። እኛ ዛሬ በአንዱ ላይ እናተኩራለን፤ እሱም ገበታቸው ነው። ዘመን ቋንቋቸውን፣ ልብሳቸውንና ስማቸውን ሲለውጥባቸው ገበታቸውን ግን አላስነኩም። እንዴት እንደጠበቁት፣ ምን እንዳስከፈላቸው፣ ደግሞም ገበታ ብቻውን የት ድረስ እንደሚያዛልቅ አብረን እንይ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከዐረብና ከፋርስ የመጡት እንግዶች

የቻይና መንግሥት ዕውቅና ከሰጣቸው ብሔረሰቦች መካከል 10ሩ በታሪካቸው ሙስሊም ናቸው። ኡይጉሮች፣ ካዛኮች፣ ሳላሮች፣ ዶንግሺያንጎችና ሌሎቹ የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ሁዊዎች ግን ቋንቋቸው እንደ ጎረቤታቸው ቻይንኛ ነው። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ቁጥራቸው ከ11 ሚሊዮን በላይ ነበር። በኒንግሺያ፣ በጋንሱና በቺንግሃይ በብዛት ይኖራሉ፤ ከዚያ ውጭም የአገሪቱን ከተሞች ሁሉ ያዳርሳሉ።

በሁዊዎች ዘንድ እስልምናን ወደ ቻይና ያመጡት ታላቁ ሶሓባ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ናቸው የሚል ትውፊት አለ። ጓንዡ ውስጥም የእሳቸው ነው የሚባል መቃብር ይገኛል። የኢስላም ታሪክ ጸሐፍት ግን ሰዕድ የተቀበሩት መዲና እንደሆነ ነው የመዘገቡት። በቻይና መዛግብት ተጽፎ የሚገኘው በ651፣ ማለትም በኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን፣ ከዐረቦች የተላከ መልእክተኛ የታንግ ነገሥታት ቤተ መንግሥት መድረሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ነጋዴዎች በሁለት መንገድ ጎረፉ፤ በየብስ በሐር መንገድ ወደ ቻንግአን (የዛሬዋ ሺአን)፣ በባሕር ደግሞ ወደ ጓንዡና ቿንዡ ወደቦች።

የዚያ ዘመን ቻይናውያን ስለ ሙስሊሞች መጀመሪያ ያስተዋሉት ምን ነበር? ዱ ሁዋን የሚባል ሰው ምስክር ይሆነናል። በ751 በታላስ ጦርነት የዐባሲዮች ሠራዊት የታንግን ጦር ሲያሸንፍ ተማርኮ ወደ ሙስሊሞች አገር ተወሰደ። በ762 በመርከብ ጓንዡ ደርሶ ወደ አገሩ ተመለሰና ያየውን ጻፈ። መጽሐፉ ቢጠፋም ዘመዱ ባዘጋጀው ትልቅ መዝገብ ውስጥ የተወሰነው ክፍል ተርፏል። በዚያ ውስጥ እነዚህ ሰዎች በቀን አምስት ጊዜ እንደሚሰግዱ፣ እንደሚጾሙ፣ የዐሳማ፣ የውሻ፣ የአህያና የፈረስ ሥጋ እንደማይበሉ ነግሮናል። ዱ ሁዋን ሙስሊም አልነበረም፤ ሆኖም ሰላታቸውንና ገበታቸውን ልብ ብሎ አይቷል።

2. «ከንጉሡ ማዕድ አንበላም»

በ13ኛው ምዕተ ዓመት ሞንጎሎች ቻይናን ሲይዙ ከመካከለኛው እስያና ከፋርስ ብዙ ሙስሊሞችን አስመጡ። ወታደሮች፣ የእጅ ባለሙያዎች፣ ሐኪሞች፣ የግብር ሰብሳቢዎችና ሹማምንት ነበሩ። ሰዪድ አጀል ሸምሱዲን ዑመር የተባሉት የቡኻራ ሰው ከ1274 እስከ 1279 የዩናን አስተዳዳሪ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሙስሊም ከሞንጎሎቹ ቀጥሎ የተከበረ መደብ ነበር። ነገር ግን ክብሩ በምግብ ምክንያት ተፈተነ።

የፋርሱ ታሪክ ጸሐፊ ረሺዱዲን እንደሚተርከው ሙስሊም ነጋዴዎች ከሩቅ አገር ብርቅ የአደን አሞራዎች ይዘው ለንጉሡ ለኩብላይ ኻን አበረከቱ። ንጉሡ ደስ አለውና ከራሱ ማዕድ ምግብ ላከላቸው። እነሱ ግን አልበሉም። ለምን ብሎ ቢጠይቅ ሥጋው ለእነሱ በክት እንደሆነ ተነገረው። ኩብላይ ተቆጣ። በ1280 መጀመሪያ ላይ ሙስሊሞች ከብትን አንገቱን ቆርጠው እንዳያርዱ፣ በሞንጎሎች ልማድ ደረቱን ሰንጥቀው እንዲገድሉ አዋጅ ወጣ። በድብቅ ያረደ ሰው ራሱ እንዲታረድ፣ ንብረቱም ለጠቆመው ሰው እንዲሰጥ ተደነገገ። ረሺዱዲን ጥቆማው ምን ያህል እንደበዛ፣ ባሪያ ጌታውን አሳልፎ እስከ መስጠት እንደደረሰ ይነግረናል።

ሁኔታው እንዲህ ሆኖ ለ7 ዓመት ገደማ ቆየ። በመጨረሻ ሹማምንቱ ለንጉሡ አንድ ነገር አሳሰቡት፤ ሙስሊም ነጋዴዎች አገሩን ጥለው እየሄዱ ነው፣ ከውጭም የሚመጣ የለም፣ ቀረጡ ቀንሷል፣ ብርቅ ዕቃም ጠፍቷል። አዋጁም ተነሣ። ነጋዴዎቹ ሰይፍ አልመዘዙም። በክት ከመብላት ትርፋቸውን መተውን መረጡ እንጂ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1330 የቤተ መንግሥቱ የምግብ ሐኪም ሁ ስሁይ ለነገሥታቱ ጤና የሚበጁ ምግቦችን የሚዘረዝር መጽሐፍ አቀረበ። መጽሐፉ በበግ ሥጋ፣ በቅመምና ከሙስሊሙ ዓለም በመጡ ምግቦች የተሞላ ነው። ሽምብራን ሳይቀር የሚጠራው «የሙስሊሞች ባቄላ» ብሎ ነው። ሐላል እርድን በሞት የቀጣው ቤተ መንግሥት፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላው የሙስሊሙን ወጥ ቤት ጣዕም በክብር መዝግቦታል።

3. ሁሉም ሲለወጥ ያልተለወጠው

በ1368 የሚንግ ሥርወ መንግሥት ሞንጎሎችን አስወጥቶ ሥልጣን ያዘ። አዲሶቹ ነገሥታት የባዕድ ልብስ፣ የባዕድ ቋንቋና የባዕድ ስም እንዲቀር አዘዙ። ከውጭ የመጡት ሕዝቦች እርስ በርሳቸው ሳይሆን ከቻይናውያን ጋር እንዲጋቡ ተደነገገ። ዐረብ፣ ፋርስና ቱርክ የነበሩት ቤተሰቦች በጥቂት ትውልድ ውስጥ ቻይንኛ ተናጋሪ ሆኑ። ሙሐመድ ማ ሆነ። መስጂዱ ጉልላቱን ትቶ በቻይና ሥነ ሕንፃ ተሠራ። በሺአን የሚገኘው ታላቁ መስጂድ ዛሬም ምስክር ነው። ጣሪያው የተጠማዘዘ፣ ግቢው በዛፍና በድንጋይ በር የተዋበ ነው፤ ሲያዩት የቻይና ቤተ መንግሥት ይመስላል። ፊቱን ግን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቂብላ አዙሯል።

በዚህ ሁሉ ለውጥ ውስጥ ሙስሊሙን ከጎረቤቱ በየቀኑ የሚለየው ምን ቀረ? በቀን አምስት ጊዜ ሰላቱ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ደግሞ ገበታው። በቻይንኛ «ሥጋ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲነገር የዐሳማ ሥጋ ማለት ነው። ድስቱ፣ ዘይቱ፣ ማንኪያው ሁሉ በዐሳማ ስብ የተነካ ነው። ስለዚህ ሁዊው ከጎረቤቱ ጋር ሰላም ይባባላል፣ ይነግዳል፣ ሐዘኑን ይካፈላል፤ ከድስቱ ግን አይበላም። መንገድ ሲወጣ ሌላ ሙስሊም ቤት ይፈልጋል። በሐር መንገድ ላይ በየከተማው የሁዊ ማደሪያና ምግብ ቤት የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሲራራ ነጋዴው ሐላል የሚበላበት፣ ውዱእ የሚያደርግበትና የሚሰግድበት ቦታ ያስፈልገዋል። ክልከላው ሥራ ፈጠረ፤ ሥራው ደግሞ ማኅበረሰቡን ከዳር እስከ ዳር አስተሳሰረ።

ዠንግ ሄ የተባለው ዝነኛ የባሕር አዛዥ ከዚህ ማኅበረሰብ የወጣ ነው። በ1371 በዩናን ከሙስሊም ቤተሰብ ተወለደ፤ አባቱም አያቱም ሐጅ ያደረጉ ነበሩ። ከ1405 እስከ 1433 ባደረጋቸው ሰባት ጉዞዎች መርከቦቹ እስከ እኛው ጎረቤት እስከ ሞቃዲሾ ደርሰዋል። በአስተርጓሚነት አብሮት የተጓዘው ማ ሁዋንም ሙስሊም ነበር፤ ስለ መካ የሚናገር የጉዞ መጽሐፍ ትቷል።

4. የውሃ ማንቆርቆሪያው ምልክት

ሁዊዎች ሐላልን «ቺንግዠን» ይሉታል። «ቺንግ» ንጹሕ፣ «ዠን» እውነተኛ ማለት ነው። መስጂዱንም በዚሁ ቃል «የንጹሑና የእውነተኛው ቤት» ብለው ይጠሩታል። መስጂድና ምግብ ቤት በአንድ ቃል መጠራታቸው ብዙ ይነግረናል። ቁርኣን ሐላልን ከጠይብ፣ የተፈቀደውን ከመልካሙ ጋር አጣምሮ እንዳዘዘን እናውቃለን። በሁዊዎች ዘንድም ሐላል የዐሳማ ሥጋ አለመኖር ብቻ አይደለም። የአራጁ እምነት፣ የእጁ ንጽሕና፣ የሚዛኑ ትክክለኛነትና የገንዘቡ ምንጭ ሁሉ ይገባበታል።

ደንበኛ ይህን የሚያውቀው እንዴት ነው? የሁዊ ሱቆች በራቸው ላይ ሰሌዳ ይሰቅሉ ነበር። በሰሌዳው ላይ ከጽሑፉ ጋር የውሃ ማንቆርቆሪያ ይሳላል፤ ውዱእ የሚደረግበት ማንቆርቆሪያ ማለት ነው። ማንበብ የማይችል መንገደኛም ሥዕሉን አይቶ ይገባል። መልእክቱ «እዚህ ሥጋ ይሸጣል» ሳይሆን «እዚህ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ውዱእ ያደርጋል» የሚል ነው። ምግቡ የሚታመነው ሰውየው ስለሚታመን ነው።

5. ቅርጹ የአገር፣ መሠረቱ የዲን

አሁን ወደ ሰሃኑ እንቅረብ። የሁዊ ምግብ የዐረብ ምግብ አይደለም። ኑድሉ፣ ኮምጣጤው፣ አኩሪ አተሩ፣ ምላስ የሚያደነዝዘው የሲቹዋን በርበሬ ሁሉ የቻይና ነው። ሥጋው፣ አስተራረዱና የሚበላበት አጋጣሚ ግን የዲን ነው። አራት ምሳሌ እናንሳ።

የመጀመሪያው የሺአኑ ፓውሞ ነው። ደንበኛው ሲቀመጥ ባዶ ጎድጓዳ ሳህንና ደረቅ ያለ ክብ ዳቦ ይቀርብለታል። ዳቦውን በገዛ እጁ እንደ ጥራጥሬ አሳንሶ ይቆራርሰዋል። አስተናጋጁ ሳህኑን ወደ ወጥ ቤት ይወስድና ለረጅም ሰዓት በተቀቀለ የበግ መረቅና ሥጋ አብስሎ ይመልሰዋል። በጣፋጭ የነጭ ሽንኩርት ጪሞና በበርበሬ ድልህ ይበላል። ቸኩሎ በትልልቁ የቆረሰ ሰው መረቁ ዳቦው ውስጥ ስለማይዘልቅ ጣዕሙን ያጣል። ለእኛ ፍትፍት ለምናውቅ ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ ያነበበም «ሠሪድ» የሚባለውን፣ በሥጋ መረቅ የተፈተፈተ ዳቦ፣ ማስታወሱ አይቀርም።

ሁለተኛው የላንዡ የበሬ ሥጋ ኑድል ነው። ላንዡ በጋንሱ፣ በቢጫው ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ምግቡን አሁን ባለው መልኩ የጀመረው ማ ባውዚ የተባለ ሁዊ እንደሆነ ይነገራል። በ1915 ገደማ ኑድሉን ተሸክሞ በየመንገዱ ይሸጥ ነበር፤ በኋላ ቤት ከፈተ፤ ልጁም ሥራውን ተረከበ። የጥሩ ኑድል መለኪያው አምስት ቀለም ነው። መረቁ የጠራ፣ ፍጅሉ ነጭ፣ የበርበሬ ዘይቱ ቀይ፣ የድንብላልና የነጭ ሽንኩርት ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ኑድሉ ቢጫ መሆን አለበት። ሊጡ እንዲለጠጥ በበረሃ ከሚበቅል ቁጥቋጦ አመድ የተሠራ ቅመም ይጨመርበት ነበር። ባለሙያው ሊጡን ይጎትታል፣ ያጥፋል፣ ደግሞ ይጎትታል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናል፤ ስምንት ጊዜ ሲታጠፍ 256 ክር ይወጣዋል። ደንበኛው እንደ ፀጉር የቀጠነ ወይም እንደ ቀበቶ የሰፋ ብሎ ያዛል። የላንዡ ሰው ይህን የሚበላው በጠዋት፣ ለቁርስ ነው። በ2021 የአሠራሩ ጥበብ በቻይና ብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ሦስተኛው ዮውሺያንግ ነው። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ነው፤ ከእኛ ፓስቲ ብዙ አይርቅም። ይህ ግን እንዲሁ የሚበላ ምግብ አይደለም። ለዒድ፣ ለመውሊድ፣ ለኒካሕ፣ ለሟች ሶደቃ ይዘጋጃል። የምትጠብሰው ሴት ታጥባ፣ ውዱእ አድርጋ፣ ቢስሚላህ ብላ ነው የምትጀምረው። ከዚያ ለጎረቤት፣ ለዘመድና ለሚስኪን ይታደላል። ሁዊዎች ምግቡን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና መግባትና ከአቡ አዩብ (ረ.ዐ) ቤት ጋር የሚያያይዝ ትውፊት አላቸው። ይህ የሕዝብ ትረካ እንጂ ሐዲስ አይደለም። ትረካው ግን አንዲት የጋንሱ እናት ዘይት እያጋለች ራሷን ከመዲና ጋር እንዴት እንደምታስተሳስር ያሳየናል።

አራተኛው «የስምንቱ በረከት» ሻይ ነው። ክዳን ባለው ስኒ ውስጥ ከሻይ ቅጠሉ ጋር ዘቢብ፣ ሰሊጥ፣ የቁርቁራ ዘመድ የሆነ ቀይ ፍሬ፣ የለውዝ ዓይነቶች፣ የደረቁ ፍራፍሬዎችና የድንጋይ ስኳር ይደረጋል። የፈላ ውሃ እየተጨመረበት ቀስ እያለ ይጠጣል። እንግዳ የሚከበርበት መጠጥ ይህ ነው። ሻይ ከቻይና ምድር የበቀለ ነው፤ ሁዊዎች ግን የሐላል ማኅበራዊ ኑሯቸው ማዕከል አደረጉት።

6. ጦርነት፣ ስደትና አብዮት

ይህ ገበታ በሰላም ብቻ የዘለቀ አይደለም። ከ1862 እስከ 1873 በሻንሺና በጋንሱ በሁዊዎችና በቺንግ መንግሥት መካከል አስከፊ ጦርነት ተደረገ። ሙስሊሙም ሌላውም እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ። የሻንሺ ገጠር ከሁዊዎች ባዶ ሆነ ማለት ይቻላል። የተረፉት በ1877 እና 1878 ክረምት የቲየንሻንን በረዷማ ተራሮች በእግር ተሻግረው ወደ ሩሲያ ግዛት ገቡ። ብዙዎች በመንገድ ላይ ሞቱ።

የእነዚያ ስደተኞች ልጆች ዛሬ በኪርጊዝስታንና በካዛኪስታን ይኖራሉ፤ «ዱንጋን» ይባላሉ። ቁጥራቸው ከ100 ሺህ በላይ ነው። የቻይንኛ ዘዬያቸውን በሩሲያ ፊደል ይጽፋሉ። በካራኮል ከተማ ያለ ሚስማር በእንጨት የሠሩት፣ የቻይና ቅርጽ ያለው መስጂድ ዛሬም ይሰገድበታል። በዚያችው ከተማ ገበያ «አሽላን ፉ» የተባለ ኮምጣጤና በርበሬ ያለበት ቀዝቃዛ ኑድላቸው ሙስሊሙም ሩሲያዊውም ተሰልፎ የሚበላው ምግብ ነው።

በቻይና የቀሩት ደግሞ ሌላ ፈተና ጠበቃቸው። ከ1966 እስከ 1976 በዘለቀው የባህል አብዮት መስጂዶች ተዘጉ፤ ኪታቦች ተቃጠሉ። በአንዳንድ ቦታዎች ሙስሊሞች ዐሳማ እንዲያረቡ ተገደዱ። በ1975 በዩናን ሻዲያን የተባለችው የሁዊ መንደር መስጂዷ እንዲከፈት ስትጠይቅ ሠራዊት ተላከባት፤ ከ1,000 በላይ ሰዎች ተገደሉ። አላህ ይዘንላቸው።

7. ዕውቀት የሌለበት ገበታ

እስካሁን ያነሣነው ገበታው ዲናቸውን ጠበቀላቸው ያሰኛል። ታሪኩ ግን ሌላ ጎን አለው፤ ይህንን መዝለል አንፈልግም።

ቿንዡ በመካከለኛው ዘመን ከዓለም ታላላቅ ወደቦች አንዷ ነበረች። ኢብኑ በጡጣ በ1340ዎቹ «ዘይቱን» በሚለው ስሟ ጎብኝቷታል። ከ1357 እስከ 1366 በዚያ በተካሄደ ጦርነት ማብቂያ ላይ ሙስሊሞች ተጨፈጨፉ። የተረፉት ወደ ባሕር ዳር መንደሮች ሸሽተው ማንነታቸውን ደበቁ። በአቅራቢያዋ በቸንዳይ የሚኖረው የዲንግ ጎሣ ከእነዚህ ሙስሊሞች የተወለደ ነው። በዘመናት ውስጥ ሰላቱ ተረሳ፣ ጾሙ ተረሳ፣ የዐሳማ ሥጋም መብላት ጀመሩ። አንድ ነገር ግን ቀረ። ለሙታን አያቶቻቸው በሚያቀርቡት መሥዋዕት ላይ የዐሳማ ሥጋ አያደርጉም። «አያቶቻችን አይወዱም ነበር» የሚለው ትዝታ ተረፈ፤ ለምን እንደማይወዱ ግን ብዙዎቹ አያውቁም። ያውም መሥዋዕቱ ራሱ ተውሒድ የማይፈቅደው ነገር ነው። ሕጉ ጠፍቶ ልማዱ ብቻ ሲቀር እንዲህ ይሆናል።

በሰሜን ምዕራብ የነበሩት ሁዊዎች ለምን እንዲህ አልሆኑም? ብዙ ምክንያት አለ፤ ቁጥራቸው፣ አሰፋፈራቸው፣ ከመካከለኛው እስያ ጋር ያላቸው ቅርበት ይጠቀሳሉ። አንዱ ግን ሁ ደንግዡ ናቸው። ከ1522 እስከ 1597 የኖሩት እኚህ የሻንሺ ዓሊም በዘመናቸው ዕውቀት እየጠፋ፣ ቁርኣን አስተማሪ እየታጣ መሆኑን አዩ። ተማሪዎችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ይህ በመስጂድ የሚሰጥ ትምህርት ወደ ሌሎች ግዛቶች ተስፋፋ፤ የማኅበረሰቡ ሰው ተማሪዎቹን ይቀልባል፣ ያለብሳል። የቻይንኛ ፊደል የማይችሉ ሰዎች ቻይንኛን በዐረብኛ ፊደል የሚጽፉበት «ሺያውጂንግ» የተባለ አጻጻፍም አገልግሎት ላይ ዋለ። የእኛ አገር መሻይኾች የአገሩን ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም፣ ሲጽፉ እንደኖሩት ማለት ነው። በኋላም ሊዩ ዢ የተባሉ ታላቅ ዓሊም በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ የኢስላምን ሥርዓት በጠራ ቻይንኛ ጻፉ። ሐላልና ሐራም ምግብን ከነምክንያቱ አብራሩ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የሰሜኑ ልጅ ዐሳማ ለምን እንደማይበላ የሚነግረው ሰው ነበረው። የቸንዳይ ልጅ ግን የወረሰው «አይበላም» የሚለውን ብቻ ነበር፤ ያም ቆይቶ ተሸረሸረ።

8. ዛሬስ?

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቺንግሃይ የምትገኘው ድሃዋ የህዋሎንግ ወረዳ ሁዊዎችና ሳላሮች ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ወጡ። ይዘውት የሄዱት ሊጥ መጎተት የሚችል እጅ ነበር። አንዱ ቤት ይከፍታል፤ የወንድሙንና የአጎቱን ልጅ ያስመጣል፤ እነሱ ሠርተው፣ ተምረው፣ ገንዘብ ቆጥበው የራሳቸውን ይከፍታሉ። እነሆ ዛሬ በቻይና ከተሞች «የላንዡ ኑድል» የሚል ሰሌዳ ከሰቀሉት ቤቶች እጅግ ብዙዎቹ የህዋሎንግ ሰዎች ናቸው። መስጂድ እምብዛም ባልነበረባቸው የባሕር ዳር ከተሞች መጀመሪያ የደረሰው ኑድል ቤቱ ነው፤ ጀመዓው ከኋላ ተከተለ። የእኛ ነጋዴዎች የሚበሉበት ቤትም የዚህ ጉዞ ፍሬ ነው።

ይህ ሰሌዳ ግን አሁን ሰላም የለውም። መንግሥት «ኢስላምን ቻይናዊ ማድረግ» በሚል በጀመረው ዘመቻ የብዙ መስጂዶች ጉልላት ተነሥቷል። በ2019 በቤጂንግ ሐላል ምግብ ቤቶች የዐረብኛውን ጽሑፍና የጨረቃውን ምልክት ከሰሌዳቸው እንዲያነሡ ታዘዋል። አንዳንዶቹ ቀለም ቀቡበት፣ አንዳንዶቹ ተለጣፊ ለጠፉበት። ኑድሉ አልተከለከለም፤ እንዲያውም በቅርስነት ተመዝግቧል። ኑድሉን ያበሰለው ሰው እምነት ግን ከበሩ ላይ እንዲወርድ ተፈለገ። ጣዕሙን ከታሪኩ መለየት ይቻል ይሆን? ይህን የሚመልሰው የነገው የሁዊ ትውልድ ነው።

ውድ ወጣቶች! ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚተርፍ ሁለት ነገር አለ ብለን እናምናለን።

አንደኛው፣ ዲንን መጠበቅ የአገርን ጣዕም መጥላት አይደለም። ሁዊዎች ቻይናዊ ሆነው ሙስሊም ናቸው፤ የአገራቸውን ኑድል በሐላል ሥጋ ሠርተው የአገራቸው ኩራት አደረጉት። እኛም ጨጨብሳችን፣ ዶሮ ወጣችን፣ ቡናችን የእኛ ነው፤ ሙስሊም ለመሆን የሌላ አገር ሰው መምሰል አይጠበቅብንም።

ሁለተኛው፣ ሰሌዳ ብቻውን አይጠብቀንም። «ሐላል» የሚል ጽሑፍ አይተን ገብተን በልተን እንወጣለን። ማን አረደው? እንዴት ታረደ? የከፈልንበት ገንዘብስ ከየት መጣ? እነዚህን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ለታናናሾቻችን «ይህ አይበላም» ከማለት አልፈን ለምን እንደማይበላ የምናስረዳውስ? የቸንዳይ ሰዎች የወረሱት ልማድ ያለ ዕውቀት የት እንዳደረሳቸው አይተናል። ስለዚህ ዛሬ ማታ እቤት ማዕድ ሲቀርብ ከትንንሾቹ አንዱ «ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ «ዝም ብለህ ብላ» አንበለው። ቁጭ ብለን እንንገረው፤ ካላወቅንም አብረን ኡስታዝ ዘንድ ሄደን እንጠይቅ።

አላህ ሲሳያችንን ሐላልና ጠይብ ያድርግልን። በየአገሩ ዲናቸውን ይዘው የሚፈተኑ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ይርዳልን። አሚን።